ተቆርጣ የቀረችው ጣሳ

"ቲቸር፣ ጣሳዋ የት ሄደች?"

አመተ ሥላሴ የቤተ መጻሕፍቱን ጓዳ መስኮት የውጭ ድምፅ እንዳይገባ በብርድ ልብስ እየሸፈነች ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለቀጣዩ ፖድካስት ተራው የደረሰውን ተማሪ ትጠብቃለች። የመጣችው ግን ያለፈው ሳምንት አንባቢ ሥርጉት ናት። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

"የምን ጣሳ?" አለች አመተ ሥላሴ፣ የቷ ጣሳ እንደሆነች አሳምራ እያወቀች።

"ጽሑፌ ላይ የነበረችው የድልህ ጣሳ። ስንቀዳ አንብቤያት ነበር። ሲለቀቅ የለችም።"

"ረዘመብን፣ ሥርጉትዬ። ከስምንት ደቂቃ በላይ አልተፈቀደልንም።"

ማን ፈቅዶ ማን ከልክሎ! ፖድካስቱ የራሷ ነው። የምትቀዳውም፣ የምትቆርጠውም፣ በቴሌግራም የምትለቀውም እሷ ናት። "የኋላ ወንበር" ብላ ስም ያወጣችለትም እሷው፤ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት "ወጥታችሁ አንብቡ" የማይባሉት፣ ከክፍሉ ጀርባ የሚቀመጡት ልጆች የጻፉት ይሰማ ብላ ነው። ሞጣ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሞከረ አልነበረምና ስሟ ተነሣ። ኔትወርክ ላጣ ሰው ባለ ሞባይል ቤቱ አብዱልሐኪም በሚሞሪ ይገለብጥለታል፤ በገበያ ቀንም በድምፅ ማጉያው ይከፍተዋል። ቢቸና ያለችው እናቷ ሳትቀር ጎረቤት ሰብስባ ታሰማለች። ትናንት እሑድ ደውላ፣ "የሸክላ ሠሪዋ ልጅ እንዴት አድርጋ አነበበችው! አንቺ ባትኖሪ ማን ይሰማት ነበር?" ስትላት፣ አመተ ሥላሴ ስልኩን እንደያዘች መሬት መሬቱን አየች።

ጽሑፉ ስለ ሥርጉት እናት ስለ አምሳለች ነው። አምሳለች ሸክላ ትሠራለች። አንድ ቀን ድስት ልትሸጥ የገባችበት ቤት ውኃ ለመነች። የቤቱ እመቤት ኩባያዎቿን ትታ በባዶ የድልህ ጣሳ ሰጠቻት፤ ጠጥታ ስትጨርስ ደግሞ ጣሳዋን በእንጨት ጫፍ አንሥታ አጥሩ ላይ ሰቀለቻት። ሥርጉት ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋ ነበር፦ "እናቴ የሠራችው ድስት ገበታ ላይ ይቀርባል። እናቴ የጠጣችበት ጣሳ አጥር ላይ ይሰቀላል።"

አመተ ሥላሴ ይህን መጀመሪያ ስታነብ "ግሩም" ብላ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችበት። እንዴት ያሉ ሰዎች አሉ ብላም በልቧ ታዘበች። የገዛ ቤቷ ትዝ ያላት ደግማ ስታነበው ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

አምና የፋሲካ ሰሞን እናቷ ከቢቸና መጥታ ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ገብታ ውኃ ስትለምን፣ "በኩባያሽ እንዳትሰጫት፤ ዐይናቸው ደግ አይደለም" ብላ ሹክ ያለቻት እናቷ ናት። ጣሳዋን የሞላችው ግን አመተ ሥላሴ ነበረች፤ በእንጨት አንሥታ የሰቀለችውም በገዛ እጇ። ዲግሪ ያላት፣ ልጆችን ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ድርሰት የምታጽፈው እሷ ናት። ጽሑፉን እስክታነብ ድረስ ደግሞ ነገሩ አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም፤ ከሁሉ ይልቅ ይህ አሳፈራት።

ጽሑፉን ደግማ ያነበበች ዕለት ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሯ ሰማያዊ የብረት በር ነው፤ ነጭ ርግብ ተስሎበታል፤ "ርግቧ ጋ" ከተባለ የሞጣ ባለ ባጃጅ ሁሉ ሌላ አይጠይቅም። ጣሳዋ ዝገት በልቷት አጥሩ ላይ እንደተሰቀለች ነበረች። አውርዳ ቆሻሻ ውስጥ ከተተቻት። በነጋታው ደግሞ ከቅጂው ላይ ቆረጠቻት።

"እናቴ ቅዳሜ አብዱልሐኪም ሱቅ በር ላይ ቆማ ሰማችው" አለች ሥርጉት። "ቤት አንብቤላት ስለነበር ጣሳዋን ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ አለቀ።"

"ከፋት?"

"ሳቀች።"

"ሳቀች?"

"ምን ያስቅሻል ስላት፣ 'ለምን እንደቆረጠችው እሷኑ ጠይቂያት' አለችኝ። የማን ቤት እንደሆነ ለኔም ነግራኝ አታውቅም። የሰው ስም ማንሣት ምን ይረባኛል ነው የምትል።"

የአመተ ሥላሴ ፊት ጋለ። አምሳለች አውቃታለች ማለት ነው። ልጇን ወደዚህ ጓዳ ስትልክ፣ ማን ፊት ቁጭ ብላ እንደምታነብ እያወቀች ነው የላከቻት። እያወቀች፣ ምን ታደርግ ይሆን ብላ ጠበቀቻት።

ቅጂው ተበላሽቶ ነው ብትላት ልጅቷ ታምን ነበር። ሌላም መውጫ ነበራት።

"እናቴ…" ብላ ጀመረችና ተወችው። "ጣሳዋን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ሥርጉት።"

ሥርጉት አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችምም። ደብተሯን ከደረቷ አወረደችና መምህሯን አሁን ገና እንደተዋወቀቻት ሁሉ አየቻት። አመተ ሥላሴ ያንን አስተያየት መቋቋም አቅቷት ብርድ ልብሱን ማስተካከል ያዘች።

"'ግሩም' ብለው ጽፈውልኝ ነበር" አለች ልጅቷ በመጨረሻ።

"ጽፌ ነበር።"

"ታዲያ ግሩም አልነበረም?"

"ነበር። ረዘመ ያልሁሽ ውሸት ነው። ስላፈርሁ ነው የቆረጥሁት።" ከዚያም ቸኩላ፣ "እናትሽ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ" አለች።

"እሱ የእሷና የእርስዎ ነው። የኔ ጽሑፉ ነው።"

እውነቷን ነው። አመተ ሥላሴ ስልኳን አወጣችና የተለቀቀውን ቅጂ ከቴሌግራሙ ላይ አጠፋችው። ከዚያ መቅጃውን ከፍታ ስልኩን ለሥርጉት ሰጠቻት። እስከዛሬ ስንቱ ልጅ ሲያነብ ስልኩ ከእሷ እጅ ወጥቶ አያውቅም።

"እንደገና አንብቢው። ማቆሚያውን አንቺ ትጫኚዋለሽ። እኔ ምንም አልነካም።"

ሥርጉት ተቀመጠችና ደብተሯን ገልጣ ማንበብ ጀመረች። እናቷ ድስት ልትሸጥ ቤት የገባችበት ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ቅጂውን አቆመች።

"'አንድ ቤት' ብዬ ብቻ ነው የጻፍሁት፤ እናቴ ስላልነገረችኝ ነው። 'አንድ ቤት ብላችሁ አትለፉ፣ በሩን አሳዩን' ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።"

"አዎ፤ ብያለሁ።"

"በሩ ምን ዓይነት ነው?"

አመተ ሥላሴ ስለ ቅዳሜ ገበያና ስለ አብዱልሐኪም ድምፅ ማጉያ አሰበች። ቢቸና ላይ ጎረቤት ሰብስባ ስለምትጠብቀው እናቷም አሰበች፤ በሩን እሷም ታውቀዋለች። ፊቷ አሁንም እንደጋለ ነው።

"ሰማያዊ ነው" አለች። "ነጭ ርግብ ተስሎበታል።"

ሥርጉት እስክሪብቶዋን አነሣችና ቀና ብላ አየቻት።

"ርግቧንም ልጻፋት?"

"ጻፊያት።"