ሦስተኛው ቀጠሮ

ኦድኒ ከቢሮው ደጅ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ግራ ጫማዋን አውልቃ የቀኙን ማሰሪያ ልትፈታ ጎንበስ እንዳለች የቢሮው በር ተከፈተና የሥነ ልቦና ሐኪሟ ሲንድሬ ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

«ቀኑን ተሳስቼ ነው መሰለኝ» አለች፣ ያወለቀችውን ጫማ በእግሯ እየፈለገች። «ሂድ ልጄ፣ ከመንገድህ አላስቀርህም። ሌላ ጊዜ እመጣለሁ።» በድምፅዋ ውስጥ እፎይታ ነበረ፤ ራሷም ሰማችውና አፈረች።

«አልተሳሳቱም። የለበስኩት አብሬዎት ልወጣ ነው። ሐሙስ የመኪና ዋሻውን እንጀምራለን ብለን አልነበር?»

«ስለ ዋሻው ማውራት እንጀምራለን ያልክ መስሎኝ።»

«እሱንማ ሁለት ሳምንት አወራነው» አለ። ከዚያ ፊቷን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በደንብ አላስረዳሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ካልፈለጉ ዛሬም እዚሁ እንቀመጣለን። የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።»

ኦድኒ በአንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ብቻ እንዳደረገች ቆመች። በመስኮቱ ወደቡና ትንሿ ጀልባ ይታያሉ። ሰው ብቻ የምትጭነው ይህች ጀልባ ከቅዳሜ ጀምሮ ሥራ ታቆማለች፤ ኦድኒ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ከምትኖርባት ደሴት ወደ ማዶ የተሻገረችው በእሷ ብቻ ነው። ልጇ ቶሩን ማዶ ባለው ከተማ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። «አትጨነቂ እማዬ፣ ከወለድኩ በኋላ እኛ እንመጣለን» ብላታለች። ያመማት ይህ ደግነት ነበር። ልጇ እሷን መጠበቅ ትታለች።

ጫማዋን መልሳ አጠለቀች።

መጀመሪያ ወደዚህ ቢሮ ስትመጣ ሶፋ ላይ አስተኝቶ ስለ እናቷ የሚጠይቃት መስሏት ነበር። ሶፋ አልነበረም፤ ሁለት ወንበር፣ መሀረብ የተቀመጠበት ጠረጴዛና የቶሩን እኩያ የሚሆን ወጣት ብቻ። የሥነ ልቦና ሕክምና መንገዱ ብዙ እንደሆነ ነገራት። የልጅነትን ቁስል ቀስ እያለ የሚገልጥ፣ ዓመታት የሚፈጅ አለ። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሰዎች ተሰብስበው የሚነጋገሩበት አለ። ሐኪም ከሚያዝዘው መድኃኒት ጋር አብሮ የሚሄድም አለ። ለእሷ ያሰበላት ግን አጭርና አድካሚውን ነበር፤ የሚፈሩት ነገር ወዳለበት ሄዶ፣ ሳይሸሹ መቆየትን። ወረቀት ላይ ኮረብታ ሣለና ከጫፉ ዝቅ ብሎ ነጥብ አደረገበት። «ፍርሃት እንዲህ ይወጣል። እርስዎ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ሲደርሱ ይመለሳሉ። ስለዚህ ቁልቁለቱን አይተውት አያውቁም።»

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከባሕሩ ሥር በሚያልፈው የመኪና ዋሻ ውስጥ፣ ከፊቷ የነበረ የጭነት መኪና ጨሰ። አርባ ደቂቃ በጭሱ ውስጥ ተቀመጠች። ማንም አልተጎዳም፤ ጋዜጣው የጻፈውም አራት መስመር ነበር። የሚያሳፍራት ይኸው ነው፤ ማንም ያልተጎዳበትን አደጋ ይዛ ይህን ያህል መኖሯ። ለሲንድሬ ስትነግረው፣ «አርባ ደቂቃ ረጅም ነው» አለ። ሌላ ምንም አላከለም። ስለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር በልቧ ስታመሰግነው ሰነበተች።

አሁን ከዋሻው አፍ አጠገብ መኪናዋን አቁማ መሪውን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ፍርሃቱ ከአሥር ስንት ነው?» አለ ሲንድሬ ከጎኗ።

«ሰባት።»

«ከኋላ ወንበር ያለው ያ ቦርሳ ምን ይዟል?»

ወደ መስኮቱ ዞረች። «ፎጣ።»

«እርጥብ?»

«እርጥብ ነው፤ ለጭሱ። የእጅ ባትሪም አለበት። ዳቦም አለ።»

«ዳቦው ለስንት ቀን ነው?»

ሳትፈልግ ሳቀች። እሱም ፈገግ አለና፣ «ፎጣውን ይዘው ቢያልፉ፣ ማን አሳለፈኝ ይላሉ?» አላት።

አሰበችበት። ከዚያ ወርዳ ቦርሳውን ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ቆለፈችና ተመልሳ ተቀመጠች።

«ምንም አይፈጠርም በለኝ» አለች።

«አልልዎትም።»

«እንዴት? ለዚህ አይደል የተማርከው?»

«ዛሬ እኔ ካልኩዎት ለነገም እኔን ይፈልጋሉ።»

«ክፉ ልጅ ነህ።»

«እናቴም እንደዚያ ትላለች።»

ሞተሩን አስነሣች።

መንገዱ ወዲያው ቁልቁል ወረደ። የቀን ብርሃን ከኋላቸው ጠበበና ጠፋ። ግድግዳው ጥሬ አለት ነው፤ በየቦታው ውሃ ያዥበታል። ኦድኒ ከላይ ያለውን ባሕር እንዳታስብ ስትታገል፣ «አይታገሉት፤ ይምጣ» ያላትን አስታወሰችና ተወችው። ባሕሩ መጣ። ጥቁር ሆኖ፣ ከብዶ፣ ከጣሪያው በላይ ተኛ። እሷም ከሥሩ መንዳቷን ቀጠለች።

ከሁሉ ዝቅ ካለው ቦታ አልፈው አቀበቱን ሲጀምሩ አንድ የጭነት መኪና ከፊታቸው በዝግታ ሲወጣ አገኙ። የኋላ መብራቱ ቀላ።

«ዘጠኝ» አለች ሳይጠይቃት። «ዘጠኝ ነው፣ ሲንድሬ።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ?»

«እሺ፤ ዘጠኝ ነው። እየነዱ ነው።»

እውነትም እየነዳች ነበር። እግሯ ፔዳሉን ያውቃል፤ ዓይኗ መስመሩን ይከተላል። የጭነት መኪናው በሰው እርምጃ ፍጥነት ይወጣል፤ እሷም ከኋላው። ላብ በጀርባዋ ወረደ። ምን ያህል እንደቆየ አላወቀችም፤ ብቻ አንድ ቦታ ላይ የጭነት መኪናውን ታርጋ እያነበበች ራሷን አገኘችው። ለምን እንደምታነበው አልገባትም። ቆይቶ ነው የገባት፤ አልፈራችም ማለት አይደለም፣ ግን ታርጋ ለማንበብ የሚበቃ ቦታ ውስጧ ተከፍቷል።

«ስድስት» አለች፣ ገና ዋሻው ውስጥ እያሉ።

ከዋሻው ወጥተው አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ስትደርስ መኪናውን አቆመች። ዝናብ ያካፋ ነበር። ሲንድሬ ከካፖርቱ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ቡናማ አይብ የተቀባ ዳቦውን አወጣና አንዱን ቁራጭ ሰጣት። ሁለቱም በሉ።

«የጭነት መኪናው መብራት ሲበራ እኔም ደህና አልነበርኩም» አለ በመጨረሻ።

«አሁን ነው የምትነግረኝ?»

«አሁን ነው።» ወረቀቱን አጠፈው። «ስንመለስም እርስዎ ይነዳሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ብቻዎን ይሞክሩታል።»

ኦድኒ የዝናብ መጥረጊያው ሲሄድ ሲመለስ ተመለከተች። ሳምንት ሙሉ ቀኑን ስትቆጥር፣ በየጠዋቱ ዋሻውን ከመስኮቷ ስታየው ታያት።

«አውቶቡሱ መቼ ነው የሚመጣው?»

ሰሌዳውን አየ። «ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ።»

«በእሱ ተመለስ።»

ትክ ብሎ አያት። እርግጠኛ ነዎት ወይ አላላትም። «ስንት ነው?» ብቻ አላት።

«ስምንት።»

«እሺ።»

በሩን ከፍቶ ወረደ። ከዋሻው ከወጡ ጀምሮ ምን ብላ እንደምታመሰግነው ስታሰላስል ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ አንዴ ይረዝምባታል፣ አንዴ ይጠፋባታል። ሲንድሬ ግን ጎንበስ ብሎ፣ ማንም ተሳፋሪ ለአሽከርካሪው እንደሚለው፣ «ለጉዞው አመሰግናለሁ» አላት።

«ምንም አይደል» አለች ኦድኒ።

በሩን ዘጋና ከመጠለያው ሥር ሄዶ ቆመ። እሷም መኪናዋን አዙራ ወደ ዋሻው ገባች።