የዮስባኒ ቀረፋማ አይጦች

አይጥ የገዛ ልጇን ትበላለች። ይህን የማያውቅ ሰው አይጥ ባያረባ ይሻለዋል። የሚያውቀውም ቢሆን እንደኔ ልቡ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው።

ልጄ ዮስባኒ ጣራችን ላይ አይጥ ያረባ ነበር። እዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማችን በካይባሪየን ሰው እርግብ ያረባል፣ አሳማ ያረባል፤ የኔ ልጅ አይጥ! ቡናማውን ከነጩ፣ ነጩን ከግራጫው ሲያዳቅል ከርሞ በመጨረሻ ቀረፋ የመሰለ ቀለም አወጣ፤ ሆዳቸው ደግሞ ወተት። መልኩን ያየ ሁሉ ይገረም ነበር። እኔ ግን «ሌላው ጎረምሳ ሚስት ይፈልጋል፣ አንተ ለአይጥ ባል ትፈልጋለህ» እያልኩ እቀልድበት ነበር።

በጥር ወር ባሕሩን ሊሻገር በጀልባ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። አብረውት ከተሳፈሩት የአንዳቸውም ቤት ስልክ አልጮኸም። ሚስቴ ኦዳሊስ «ልጄ በሕይወት አለ» ትላለች።

አይጦቹን እኔ ተረከብኩ። የመጀመሪያዋ ስትወልድ መብራትም ውሃም ጠፍቶ ነበርና ማጠጫዋ መድረቁን ሳላይ ቀረሁ። ጠምቷት ልጆቿን በላች። ሁለተኛዋን ከወንዱ ጋር ትቼያት፣ እሱ ሲያስጨንቃት እሷም ጨረሰቻቸው። ሦስተኛዋን ያበላሸኋት በፍቅር ነው፤ ግልገሎቿን አንስቼ እያገላበጥኩ ሳይ ዋልኩ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ትልልቆቹም በእርጅና እያለቁ፣ በታኅሣሥ ከዮስባኒ አይጦች የቀሩት አንዲት ያረጀች እናትና አንድ ወንድ ብቻ ሆኑ። ወንዱም አስረግዟት ሞተ። እንግዲህ ያ ቀለም፣ ልጄ በእጁ የሠራው ነገር ሁሉ፣ የቀረው በዚያች ምስኪን ሆድ ውስጥ ነበር።

አሁን ግን ተምሬያለሁ። ሳጥኗን ጥላ ሥር አስገብቼ በጆንያ ሸፈንኩ። ጎጆ እንድትሠራበት ጥጥና የተቀዳደደ ወረቀት ሰጠኋት። ማጠጫዋ ሞልቶ ይውላል። ወደ ሳጥኑ እጄን ከመስደዴ በፊት መዳፌን በራሷ አሮጌ ጉዝጓዝ አሻለሁ፤ ጠረኔ የሷ ጠረን ካልሆነ ትደነግጣለች። በራሽን የሚደርሰኝን እንቁላልም ቀቅዬ ለሷ ሰጠኋት።

«አንተ ሰውዬ» አለች ኦዳሊስ፣ «እንቁላሉን ለአይጥ ሰጥተህ በረሃብ ስትወድቅ እኔ ነኝ የምሸከምህ?»

«ሥጋ ያማራት እናት ዓይኗ ልጆቿ ላይ ነው የሚያርፈው። ትጥገብ።»

«ተው እንጂ! እናት እንዴት ልጇን ትበላለች?» አለችና ፊቷን አዞረች።

ጎረቤታችን ኔሬይዳም ከማዶ ጣራ ልብስ እያሰጣች አላስቀምጥ አለችኝ። «ረሚጂዮ! ነፍሰ ጡሯ እንዴት ናት? የዶሮ ሾርባ ላምጣላት?»

«ዶሮ ካለሽ ለኔ አምጪልኝ!»

«አንተ ደግሞ ምን አርግዘህ!»

ብትቀልድም ልቧ ደግ ነው። ስለምናት ያንን ቤት የሚያናጋ ድምፅ ማጉያዋን ወደ መንገድ አዞረችልኝ።

አይጧ ታኅሣሥ ሲያልቅ፣ ከአዲሱ ዓመታችን ዋዜማ ጥቂት ቀን ቀደም ብላ ወለደች። ከጆንያው ሥር ቀጭን ሲርሲርታ ሰማሁ። ስንት እንደሆኑ እንኳ አላየሁም፤ ማየት መነካካትን ያመጣል። ጠጉር እስኪያወጡ ቀለማቸው አይታወቅም። ጣራው ላይ ተቀምጬ፣ ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደስ አለኝ።

በኛ አገር አሮጌው ዓመት ሲወጣ ቤት ከላይ እስከ ታች ይታጠባል። የታጠበበት ውሃም የዓመቱን ክፉ ነገር ይዞ እንዲወጣ ወደ መንገድ ይደፋል። አንዲት ጥግ ሳትታጠብ ከቀረች ክፉው እዚያ ተሸሽጎ ወደ አዲሱ ዓመት ይሻገራል ይባላል። በዋዜማው ጠዋት ካሳቫ ልገዛ ሰልፍ ወጣሁ። ስመለስ ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። ወለሉ እርጥብ ነው፣ አልጋው ተገልብጧል፣ ኦዳሊስ የለችም።

«ኦዳሊስ!»

«ጣራ ላይ ነኝ!» ድምፏ እንዲህ ቀለል ብሎ ከሰማሁት ቆይቷል። «ና እይልኝ፣ አንዲት ጥግ አልቀረኝም!»

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ሳጥኑ ፀሐይ ላይ ነጭ ሆኖ ያበራል። ጆንያው ታጥቦ ተሰጥቷል። ጎጆው የለም፤ በቦታው ንጹሕ ሰማያዊ ጨርቅ ተነጥፏል።

«ግልገሎቹስ?»

«አትቆጣ፤ እንደ እንቁላል ተጠንቅቄ ነው ያነሳኋቸው። እጄን በሽቶ ሳሙና ታጥቤ! ያ ሁሉ እድፍ እላያችን ላይ እያለ ልጄ በየት በኩል ይመጣል? የቀረው እሱ ሳጥን ብቻ ነበር።»

ጎንበስ አልኩ። አይጧ ጥግ ይዛ አፏን ትጠራርጋለች። ጨርቁ ላይ ደም አለ፤ አንዲት ቁራጭ እግርም አለች። ሌላ የለም።

ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን ሳየው ግን አቃተኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው እንዳይሆን ጥርሴን ነከስኩ። እሷ ያጠበችው ልጇ እንዲመጣላት ነው። ያንን ተስፋዋን አላምንበትም፤ ግን በምን አንጀቴ እቀማታለሁ? እኔ ራሴ ከአይጥ ሆድ ተስፋ ስጠብቅ አልነበር?

ኦዳሊስ ከትከሻዬ በላይ አየች። «በላቻቸው?» አለች። «ጠግባለች፣ ውሃ አላት። ለምን?»

«አይጥ ልጇን የምታውቀው በጠረኑ ነው» አልኳት። «ስትነኪያቸው የሳሙናው ሽታ መጣባቸው፤ ጎጆዋንም በረኪናው ወሰደው። የሷ መሆናቸውን አላወቀችም።»

እጇን ሰደደችና ሰማያዊውን ጨርቅ ከሳጥኑ ሳበችው። ቅዳጁን ያኔ ነው ያወቅኩት፤ የዮስባኒ ሸሚዝ ነው። ከሄደ ጀምሮ ትራሷ ሥር ታስተኛው የነበረ፣ «ማንም እንዳይነካብኝ» ትለው የነበረ ሸሚዝ።

«እሱንም አጠብኩት» አለች። «ሁሉም ይታጠብ ብዬ። እኩሌታውን ለነሱ ቀደድኩላቸው፤ ከልጄ ቤት ናቸው ብዬ።»

ደም ያልነካውን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ዓይኗን ጨፍና ሳበች። ደግማ ሳበች። ከማዶ ጣራ ኔሬይዳ እጇን እያውለበለበች መልካም አዲስ ዓመት አለችን።

«ረሚጂዮ» አለች ኦዳሊስ፣ እንዳይሰማባት የፈራች ይመስል ዝግ ብላ፣ «አንተ ጋ ያልታጠበ ልብሱ አለ?»

ታች ወርጄ ቁም ሳጥኑን፣ ከበሩ ኋላ ያለውን መስቀያ፣ የድሮ ሻንጣውን ሁሉ በረበርኩ። ሁሉም ንጹሕ ነበር።