ከትራሴ ሥር የመጣ ጎመን

ሰው ሊናገር አስቦ የተወው ነገር የት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይዤው ኖሬያለሁ። መልሱን ያገኘሁት ኮተቤ በተከራየሁት ሰርቪስ ቤት ነው። ትራስ ሥር ይጠራቀማል። ቡናማ ነው፤ ሲነኩት እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል።

አከራዮቼ እትዬ ስንቅነሽና ባለቤታቸው ጋሽ አምዴ ከግቢያቸው ምንም ነገር እንዲጣል አይፈቅዱም። የዕቃ እጣቢውን ችግኝ ይጠጣዋል፤ የዝናቡ ውኃ በሮቶ ይጠራቀማል፤ ፌስታል ይዞ የመጣ እንግዳ በር ላይ ያስረክባል። በገባሁ ሰሞን ፍርፋሪውን ጠራርጌ ስወጣ እትዬ ስንቅነሽ ከእጄ ተቀብለው አሸተቱት።

"ይሄ የሚጣል ነው እንዴ፣ ልጄ? ጥሩ ብስባሽ ይወጣዋል።"

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ጣሳ ይዘው ይመጣሉ። እኔ ብዙ አልናገርም፤ ስለዚህ ጣሳው ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። ጋሽ አምዴ ያለፈው ተከራያቸው ለፍላፊ እንደነበረ፣ አንድ መደብ ሰላጣ እንኳ እንዳላበቀለላቸው ነገሩኝ። እኔን በረከት ነሽ አሉኝ። በኔ ብስባሽ የተተከለው ጎመን ወገቤ ድረስ ደረሰ።

ለጎረቤት ማካፈል ጀመሩ። ባለሱቁ ከድር ጎመኑን በበላ ማግስት ለመጣው ደንበኛ ሁሉ፣ "ዳቦው የትናንት ነው" ይል ጀመር። ይህ ልነግረው አስቤ የተውኩት የኔ ቃል ነበር። ከድር ግን የራሱ መሰለው። እኔ በኋላ ያንኑ ልነግረው ብሞክር ከአፌ አልወጣ አለ። ተበልቷል። መጨነቅ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ እናቴ ከፍቼ ከተማ ደወለች። የዚያው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር እኔን ለማግባት ሽማግሌ እንደላከ፣ እሷም እሺ ብላ እንደመለሰቻቸው፣ እሁድ መጥታ ይዛኝ እንደምትሄድ ነገረችኝ። "እሺ፣ እማዬ" አልኩ። በማግስቱ ከትራሴ ሥር የወጣው ሁለት ጣሳ ሞላ። እትዬ ስንቅነሽ መረቁኝና በሁለት ጉድጓድ ቀበሩት። በዚህ ግቢ ጎመን አይዘገይም፤ ቅዳሜ ሁለት እግር ጎመን ቆሞ ነበር።

ያን ጎመን ለእናቴ እንዳያቀርቡላት ልለምናቸው በራቸው ድረስ ሄድኩ። "እንደምን ዋላችሁ" ብዬ ተመለስኩ።

እሁድ አከራዮቼ እናቴን ምሳ ጋበዟት። እትዬ ስንቅነሽ ከመጀመሪያው ሳህን ጠቅልለው አጎረሷት። እናቴ አላምጣ ዋጠችና በተረጋጋ ድምፅ፣ "ዳይሬክተሩን አላገባም" አለች።

ተያየን።

"እኔን ደግሞ ማን ጠየቀኝ?" ብላ ሳቀች።

"ደግ አደረግሽ" አሉ ጋሽ አምዴ። "ዳይሬክተር ስብሰባ ያበዛል።"

እኔ ያን ቃል በሆዴ ፈለግሁት። አልነበረም። እናቴ ሳቋን ስትጨርስ ስለ ሠርጉ ድንኳን ማውራቷን ቀጠለች፤ በኔ በኩል የተለወጠ ነገር የለም። የቀረኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱም ከሁለተኛው እግር ተቀንጥሶ ተቀቅሎ ከፊቴ ቀርቧል። እናቴ ከበላችው እሱንም ስቃበት ታልፋለች፤ እኔም ሻንጣዬን ተሸክሜ እከተላታለሁ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አሉ እትዬ ስንቅነሽ፤ ከፊቴ ካለው ሳህን ሁለተኛውን ጠቀለሉ። እናቴ አፏን ከፈተች።

የሌላ ሰው ጉርሻ መንጠቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እናቴ ያሳደገችኝ ሦስቴ ካልተለመንኩ እንዳልበላ አድርጋ ነው። ቢሆንም ወሰንኩ። የእትዬ ስንቅነሽን የእጅ አንጓ ይዤ ወደ ራሴ ሳብኩና ጎረስኩት። ሳልውጠው፣ "እማዬ፣ ካንቺ ጋር አልሄድም" አልኩ።

እናቴ አፏን እንደከፈተች ቀረች። መስኮቱ ከጀርባዬ ስለነበር ብርሃኑ እስከ ጉሮሮዋ ይዘልቅ ነበር። እዚያ ውስጥ፣ ከምላሷ ኋላ፣ እሷም ሳትናገር ከዋጠቻቸው ቃሎች ጥቅጥቅ ብለው የበቀሉ ቀጫጭን ነጭ ቡቃያዎች ነበሩ። ቀስ እያሉ ወደ ብርሃኑ ዞሩ።