ቅድ ነው አትዪም?

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታችን ሱቋ ነው፤ ካልሲዬ ላይ ክር ሳይጠመጠም ትምህርት ቤት የሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ለአሥረኛ ክፍል ትምህርት ስንመርጥ በሒሳብና በፊዚክስ አልተጣላንም። ጣጣው የመጣው በሦስተኛው ነው፤ ወይ አካውንቲንግ፣ ወይ ቴክኒካል ድሮዊንግ። ድሮዊንግ ያልወሰደ ምህንድስና ክፍል አይገባም፤ እኔ ደግሞ ድልድይ መሥራት ነው የምፈልገው። ያለ ወላጅ ፈቃድ ግን ምርጫ የለም፤ ቀኑም ነገ ያልቃል።

«ድሮዊንግ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ እማዬ፣ እስፒል በከንፈሯ እንደያዘች።

«ሥዕል ነዋ» አልኳት ቸኩዬ። ከአፍ የወጣ አፋፍ!

የስፌት መኪናው ቆመ። «ሥዕል? አባትሽን ሥዕል የት እንዳደረሰው ጠፋሽ?»

አልጠፋኝም። አባዬ ታፔላ ሠዓሊ ነበር። ታፔላ በማሽን መታተም ሲጀምር ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

«ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ!» ብዬ ጮኽኩ። ንዴት ሲይዘኝ ማስረዳት አልችልም።

«ድምፅሽን ቀንሺ። አካውንቲንግ ትማሪያለሽ፤ አለቀ ደቀቀ።»

እልህ ያዘኝ። ካውያዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ እስከነልኩ ወረቀት ላይ ነደፍኩና ፊቷ ወረወርኩላት።

«ይኸውልሽ ሥዕሉ!»

ወረቀቱን አነሳች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ካውያዋን ለካች፤ ወረቀቱን አየች፤ ደግማ ለካች።

«አንቺ! ይሄ ምኑ ሥዕል ነው? ይሄማ ቅድ ነው፤ ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት የምነድፈው።»

«አዎ፣ ቅድ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ቅድ ነው አትዪም? ደረቅ!»

በማግስቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደረሳችው ትምህርት ቤት መጣች። የድሮዊንጉን መምህር ቀጭንና ቀጥ ያለ ስለሆነ «ማስመሪያ» ነው የምንለው።

«ድሮዊንግ እንድትወስድ ተስማሙ?» አላት።

«ድሮዊንጉን አላውቅም፣ መምህር። ቅዱን ትማር።»

ማስመሪያ ግር ብሎት አየኝ። እኔ ሳቄን ዋጥኩ።

እኔና እማዬ ከበሩ ወጣን። ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ «ድልድይ የሚሠራው ሩቅ አገር ነው?» አለችኝ።

ለካ የፈራችው ሥዕሉን አልነበረም።

«ወንዝ ባለበት ነው፣ እማዬ።»

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ መጠቅለል ጀመረች።

«እዚህም ወንዝ አለ» አለች።