የዳለቻ ዋጋ

ዲቦራ የመጨረሻዎቹን መጻሕፍት ጠርዝ በመቁረጫው እያስተካከለች ሳለ፣ ኦቦ ጃልዴሳ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ። በእጃቸው የእሷን አዲስ የግጥም መጽሐፍ ይዘዋል። ለገጣሚ ይህ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ፊታቸውን እስክታይ ድረስ።

"አካም ኦቦ ጃልዴሳ፣ ናጋ ነው? ከብቱ፣ ቤቱ?"

"ናጋ ነው። ከብቱም ናጋ ነው። ዝናቡም መጣ፣ ናጋ ነው።" ሰላምታውን ሳያጓድሉ ጨረሱና መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። "ኮርማዬን ማን ሽጡ አላችሁ?"

ፋርሂያ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን አቆመች። ማተሚያ ቤቱ የእሷ ነው። የዲቦራ መጻሕፍት ሁሉ እዚሁ፣ በሠርግ ጥሪና በፈተና ወረቀት መሀል ነው የታተሙት። ዲቦራ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትወጣ እየመጣች ታጥፋለች፣ ትሰፋለች፣ ትቆርጣለች፤ ከዚያ በአይሱዙ ሾፌሮች እጅ ወደ ቦሬ፣ ወደ ተልተሌ፣ እስከ ዶሎ ኦዶ ትልካለች። ሾፌሮቹ ጥቂቱን ይሸጣሉ፣ ጥቂቱን ያነባሉ፣ የቀረውን መንገድ ላይ ለሚያስቆሟቸው ሰዎች እጅ መንሻ ያደርጉታል።

"ማንም አልሸጠውም፣ ኦቦ" አለች ዲቦራ። "ለመጽሐፉ ሽፋን ነው እንጂ።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

ጣታቸው ሽፋኑ ላይ ካለው ኮርማ ሰኮና ሥር አረፈ። "ዋጋ 150 ብር" ይላል።

ዲቦራ አየችው። ሽፋኑን ስታገላብጠው ነው የሰነበተችው፤ እንዲህ ግን አላየችውም። ግዙፉ ግራጫ ኮርማ ሻኛው እንደ ኮረብታ ቆሟል፣ የአንገቱ ቆዳ ወደ ጉልበቱ ተንዘርፍፏል፤ ከሥሩ ደግሞ ቁርጥ ያለ ዋጋው።

"ቡሌ የሚሉት ደላላ ከአይሱዙ ሾፌር የገዛውን መጽሐፍ ገበያ መሀል አወጣው" አሉ ሽማግሌው። "'ጃልዴሳ፣ ዳለቻን በመቶ ሃምሳ የምትሰጥ ከሆነ እኔ ሁለት እወስዳለሁ' አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ ደግሞ 'ዶሮ እንኳ በዚህ አይገኝም፣ ምናለ ጥጃ ብትመርቅልን' ይላል። ዳለቻ የመንጋ አባት ነው። አባቴ ከሰጠኝ ላም የወረደ ነው። የመንጋ አባት ላይ ዋጋ አይጠራም፤ በቀልድም አይጠራም። አንቺ ይሄን ታውቂያለሽ።"

ታውቃለች። ነገሌ ተወልዳ ነገሌ ያደገች ናት። የመጽሐፍ ዋጋ ሽፋን ላይ ይጻፋል ብላ፣ ሽፋኑ ላይ የቆመው ማን እንደሆነ ዘነጋች።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኦቦ። ምን ይሻላል?"

"ኮርማዬን አውጪልኝ።"

የመጽሐፉ ምረቃ ዛሬ አሥር ሰዓት ነው። በከተማው ቤተ መጻሕፍት ወንበር ተደርድሯል፤ ተማሪዎቿ ግጥሞቹን በቃላቸው ይዘዋል።

"ሽፋኑን ገንጥለን ነጭ ወረቀት እናለብሰዋለን፣ መምህርት" አለች ፋርሂያ። "ይደርሳል።"

"አይሆንም።"

የዲቦራ ድምፅ ካሰበችው በላይ ጠነከረ። ፋርሂያ ምክንያቱን ታውቃለች። ፎቶውን ያነሳው የዲቦራ ባል ሽመልስ ነው። ሲሞት ስልኩ ውስጥ የተገኘው የመጨረሻ ፎቶ ይህ ኮርማ ነበር። ዲቦራ መጽሐፉ ውስጥ ስሙን አላሰፈረችም። ሰው ካየ ይጠይቃል፤ ለጠየቀ ደግሞ መመለስ አለ።

"እንግዲያው ዋጋውን በጥቁር ቀለም እንደልዘው" አለች ፋርሂያ።

"እግሩ ሥር ጥቁር ነገር? ጭቃ ያዘው ሊሉኝ ነው።"

"ከታች በኩል እንቁረጠው።"

"ሰኮናውም አብሮ ሊሄድ?" ኦቦ ጃልዴሳ መጽሐፉን ከፍ አድርገው አዩት። "በምኑ ሊቆም ነው?"

እያዩት ፊታቸው ቀስ በቀስ ረገበ።

"ይሄን ያ ረጅሙ ሰውዬ ነው ያነሳው።"

የዲቦራ እጅ መቁረጫው ላይ ቀረ። "ያስታውሱታል?"

"ሌላው ዝም ብሎ አንስቶ ይሄዳል። እሱ የከብቱን ደህንነት ጠየቀኝ፤ ከዚያ 'ላንሳው ወይ?' አለኝ። ዳለቻ ፊቱን እስኪያዞርለት ፀሐይ ላይ ተገትሮ ዋለ። 'አንተ ሰውዬ፣ ቤት የምትጠብቅህ ሚስት የለችም ወይ?' ብለው፣ 'አለች፤ እሷም እንዲህ ነው የምታስጠብቀኝ' አለኝ።"

ዲቦራ ሳታስበው ሳቀች። የሽመልስ አባባል ነው፤ እሱ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ የተናገረው መሰላት።

"ናጋ ነው እሱ?" አሉ ኦቦ ጃልዴሳ።

"አርፏል፣ ኦቦ። ሁለት ዓመት ሆነው። ባለቤቴ ነበር።"

ሽማግሌው በርጩማ ስበው ተቀመጡ። የሽፋኑን ኮርማ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ለእሱ ፈቅጄለታለሁ" አሉ በመጨረሻ። "የሰጠሁትን አልነሳም። ኮርማው እዚሁ ይቁም። ዋጋው ግን ቦታ ይለውጥ።"

"ወዴት?" አለች ፋርሂያ።

መጽሐፉን ገለበጡት። ከጀርባው የዲቦራ ፎቶ አለ። "ከዚህች ሥር።"

"እኔን በመቶ ሃምሳ ብር?"

"አንቺ ወደሽ ነው የወጣሽው። ዳለቻን ማን ጠየቀው?"

ፋርሂያ ማሽኑን ተደግፋ ሳቀች። "በዚህ ዋጋማ መምህርትን እኔው አስቀራታለሁ።"

በዚሁ ተስማሙ። ለጀርባው ዋጋ ያለበት ስቲከር፣ ለፊቱ ደግሞ የቀድሞውን ዋጋ የሚሸፍን ሌላ ስቲከር። ፋርሂያ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠች።

"የፊቱ ላይስ ምን ልጻፍበት? ባዶ ከሆነ የተሸፈነ ነገር እንዳለ ያስታውቃል።"

ዲቦራ ወደ ሽማግሌው ተመለከተች። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

"'ዳለቻ፣ የኦቦ ጃልዴሳ የመንጋ አባት' በይ።"

"በቃ?"

ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይጠይቋታል። ነገም፣ ቦሬም፣ ተልተሌም ይጠይቋታል።

"ከሥሩ ደግሞ፣ 'ፎቶ፦ ሽመልስ ሥዩም'።"

ፋርሂያ ጽፋ ፊደሉን ታሳንስ ጀመር፤ የፎቶ አንሺ ስም ሁልጊዜ በደቃቅ ነው የሚገባው።

"ተይው" አለች ዲቦራ። "ከሩቅ ይነበብ።"