በልቧ የገደለችው ሰው

ሴቷ ፖሊስ የሹባንጊን የእጅ አንጓ እንደያዘች የፍርድ ቤቱን ደረጃ ስታስወጣት፣ ወንድሟ ፕራላድ ከላይ ሆኖ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከፍ አድርጎ አሳያት።

"ቅመሺ መጀመሪያ" አላት ሲደርሱ። "ዳኛው ገና አልገቡም።"

"አልራበኝም፣ ዳዳ።"

"ባዶ ሆድሽን ዳኛ ፊት ልትቆሚ ነው? ያዢ ስልሽ።"

ታላቋ ነው፤ ያዢ ካለ እስክትይዝ አይተውም። ተቀብላው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በዳቦ መሐል የገባው የድንች ጥብስ ቀዝቅዞ ዘይቱ ጋዜጣውን አርሶታል። አንድ ጊዜ ገመጠችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"ዛሬ እኮ የደስታ ቀን ነው" አለ ፕራላድ አጠገቧ ተቀምጦ። "እስማማለሁ ትያለሽ፣ ወደ ከተማው ላቦራቶሪ ይወስዱሻል፣ ጭንቅላትሽ ላይ ያን ሽቦ ያደርጉልሻል፣ አለቀ። መናገር እንኳን አይጠበቅብሽም። እነሱ ስለዚያ ቀን ያነቡልሻል፣ አንቺ ዝም ብለሽ ትሰሚያለሽ፤ የምታስታውሽውን ማሽኑ ከጭንቅላትሽ ያያል። ማሽኑ እንደ ሰው አይዋሽም።"

ሹባንጊ ዳቦውን በንዴት መልሳ በጋዜጣው ጠቀለለችው። 

ባሏ ዲጋምበር የሞተው በሙቀቱ ወራት መጀመሪያ፣ ወይኑ ከተለቀመ በኋላ ነው። ጠዋት ሣር ልታጭድ ስትወጣ የውሃ ሞተሩ ያለበት ጎጆ ውስጥ ተዘርግቶ አገኘችው። አጠገቡ የአረቄ ጠርሙስ ወድቋል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ግን ወይኑን የሚረጩበት የተባይ መርዝ ነበር። መርዙ የነበረበት ጣሳ ዝጎ ማፍሰስ ሲጀምር መርዙን ወደዚያ ጠርሙስ የገለበጠው ራሱ ዲጋምበር ነው። ሲገለብጥ ያየችው ግን እሷ ብቻ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ ያየው ሌላ ነገር ነው፦ ያበጠ ፊቷን፣ የተሰበረ ጥርሷን፣ ልጇን ሚታሊን አዝላ ወደ ወንድሟ ቤት ስትሸሽ። ስለዚህ ምክንያት አላት ተባለ፤ ምክንያት ያለው ሰው ደግሞ ከገዳይ አይለይም።

መርማሪው ኢንስፔክተር ጃድሃቭ በጥፊ እንኳ አልነካትም። እስከ ዛሬ ደሟን የሚያፈላው ይኸው ነው። ቢመታት ኖሮ ታውቅበት ነበር፤ መመታት የለመደችው ነገር ነው። እሱ ግን ሻይ አስመጥቶ፣ ወንበሩን አስጠግቶ፣ እንደ አስተማሪ በለሆሳስ ነበር የሚያናግራት። "ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እህቴ። ጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ ነው። አነሳሽው። ክዳኑ ይጠብቃል አይደል? እጅሽን አሽቺው እስቲ፤ ምን ይሸታል?" አላደረግሁም ስትለው አይቆጣም። ከመጀመሪያው ይጀምራል። ይህ ቀንና ሌሊት ሲደጋገም፣ አንድ ንጋት ላይ እጇ በእርግጥ መርዝ መርዝ ሸተታት። ጠርሙሱን ስታነሳ ታያት። አዎ ብላ ፈረመች።

ለፖሊስ የተሰጠ ቃል ፍርድ ቤት እንደማይቀበለው ኋላ የነገረቻት ጠበቃዋ ካንቻን ናት። ፖሊሱም ያውቀዋል። ማሽኑን የፈለገው ለዚህ ነው፤ አፏ ያለው ካልበቃ ጭንቅላቷ ይናገር ብሎ።

ካንቻን እስር ቤት ድረስ መጥታ ስታስረዳት ሹባንጊ የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ማሽኑ ያደረግሁትንና የተመኘሁትን ይለያል?"

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ምን ተመኝተሽ ነበር?"

"እንዲሞት ነዋ። ዕቃ ሳጥብ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቅልኛል። የቤት ጎሻችንን ሳልብ ትራክተሩ ይገለበጥበታል። ጥርሴን የሰበረኝ ቀን ደግሞ ያንን ጠርሙስ ቆሜ አየሁት። ብርጭቆው አጠገብ ባስቀምጠውስ አልኩ።"

"አስቀመጥሽው?"

"ሣር ላጭድ ሄድኩ። ጎሿ ርቧት ነበር።" ቀጠለች፦ "ከዚያ ደግሞ ያ መርማሪ በላዩ ላይ የራሱን ጨመረበት። አሁን ዓይኔን ስጨፍን ሁሉም ይታየኛል። ክዳኑ ሲከፈት ይሰማኛል። እንዳላደረግሁት አውቃለሁ፤ ግን ይታየኛል።"

"ላቦራቶሪው ይለያል ይላል" አለች ካንቻን ቀስ ብላ። "እኔ ግን እርግጠኛ ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። እምቢ ማለት መብትሽ ነው። እምቢ ስላልሽ ብቻ ሊፈርዱብሽ አይችሉም። ሰው ግን ያወራል። ዋስትናሽም ሊጓተት ይችላል። ለእኔ የነገርሽኝን ደግሞ ለማንም እንዳትደግሚ። ዳኛ ፊት የምትናገሪው ይጻፋል።"

አሁን እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ስታብሰለስል አማቷ በኮሪደሩ መጡ። ነጭ ሳሪ ለብሰዋል፤ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሌላ ለብሰው አያውቁም። ከታሰረች ወዲህ እሳቸው ዘንድ ያለችውን ሚታሊን አላመጧትም። ፊቷ ቆሙና ቁልቁል አዩአት።

"ልጅሽ ሌሊት ሌሊት ትጠራሻለች" አሉ። "እኔ ደግሞ ልጄን እጠራለሁ። ንጹሕ ከሆንሽ ሂጂና ማሽኑ ይናገርልሽ። ያኔ ሚታሊን በገዛ እጄ አምጥቼ እሰጥሻለሁ። እግርሽ ላይም እወድቃለሁ።"

"ካልሄድኩስ?"

"ካልሄድሽማ ነገርሽን፤ ሌላ ምን ቀረ?"

አሮጊቷ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ለማስመሰል አልነበረም፤ ያሉትን አምነው ነው ያሉት። ሹባንጊ እሳቸውን ለመጥላት ሞከረችና አልሆነላትም። አማቷ ወደ ችሎቱ በር ሲሄዱ ፕራላድ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ፣

"ሰማሻቸው አይደል? ምን ያስፈራሻል?" አለ። "ጭንቅላትሽ ውስጥ ምን አለና ነው የምትደብቂው?"

ዘወር ብላ አየችው።

"አንተ አለህበት።"

"እኔ?"

"ሦስት ጊዜ ሸሽቼ መጣሁብህ። ሦስቴም በሞተር ሳይክልህ ከኋላ ጭነህ መለስከኝ። አንድ ጊዜ ከዓይኔ ደም እየወረደ ነበር፤ ሸሚዝህን እንዳላበላሽብህ በሳሪዬ ጫፍ ይዤው ነው የሄድኩት። እሱ በር ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር፤ አንተ ሻይ ጠጥተህ ተመለስክ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ይሄ ነው፣ ዳዳ። ማሽኑ ይሄንን ያነብልሃል?"

"ሹባ... ሰው ምን ይላል ብዬ እኮ ነው። ትዳርሽ እንዳይፈርስ..."

"አንተን ማንም አልጠየቀህም። አንተን ማንም ዓይንህን ጨፍን አላለህም።"

ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ሆኖም ሴቷ ፖሊስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።  በዚህ መሐል ስሟ ተጠራ።

ችሎቱ ጠባብና ወበቃማ ነበር፤ ማራገቢያው እየተንቋቋ ይዞራል። ኢንስፔክተር ጃድሃቭ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሲያያት እንደ ድሮው በለዘብታ አንገቱን ነቀነቀላት፤ አይዞሽ የሚላት ይመስል። ያን ጊዜ በውስጧ ሲንከላወስ የቆየው ንዴት አንድ ቦታ ላይ ረጋ። ያ ሰው ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ ዕቃ እንዳዘዋወረ ሰው ሁሉን አተራምሶባታል። ባሏ ሥጋዋን እንዳሻው አድርጓል። የቀራት ነገር ቢኖር ጥርሷ በተሰበረበት ዕለት ጠርሙሱን ትታ ሣር ልታጭድ መሄዷ ነው። መቼ፣ ምን አስባ፣ እንዴት እንደተወችው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ዳኛው ወጣት ነበሩ። መነጽራቸውን አስተካክለው በሚገባት ቋንቋ ጠየቋት።

"በዚህ ምርመራ እንድትስማሚ ያስገደደሽ ወይም ቃል የገባልሽ ሰው አለ?"

የአማቷ ዓይን ጀርባዋ ላይ ተሰማት። ሚታሊ ሌሊት ስትጠራት ታያት።

"አለ፣ ጌታዬ። ግን ለውጥ አያመጣም። አልስማማም።"

ኋላ ወንበሩ ላይ ጉምጉምታ ተነሣ። "አላልኳችሁም?" አለ አንድ ሰው። ዳኛው እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኩ።

"ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለብሽም" አሉ። "ይሁን እንጂ የምትናገሪው ምክንያት ካለሽ ይመዘገብልሻል። አለሽ?"

ጠበቃዋ ካንቻን ከጎኗ ሆና ክንዷን ነካ አደረገቻት። ሹባንጊ ጃድሃቭን አየች፤ ከግድግዳው ተላቆ፣ ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል።

"አለኝ፣ ጌታዬ።"

"እሺ፣ ተናገሪ።"

"አልናገረውም" አለች። "እሱ የራሴ ነው።"