ደጅ የወጣ የሳምንት ምግብ

አስተርጓሚው ደገፉ ከሶዶ ፈረንጅ ይዞ ጉኑኖ እኛ ቤት የመጣው ለፎቶ ነበር። ፈረንጁ በየአገሩ እየዞረ ቤተሰቦችን ከሳምንት ምግባቸው ጋር ያነሳል፤ ለምግብ የሚያወጡትንም ይጠይቃል። ደገፉ የሌሎቹን ፎቶ በስልኩ አሳየን። አንዱ ቤተሰብ ፊት ዓሣ ተደርድሯል፤ ሌላው ፊት ዳቦና የታሸገ ሥጋ ተቆልሏል።

እናቴ አገርነሽ ጠጋ ብላ አየች። «ይህን ሁሉ አውጥተው ሲነሱ ጎረቤት የላቸውም?»

«ፎቶ ነው እኮ እትዬ፤ ግብዣ አይደለም» አለ ደገፉ እየሳቀ።

ቤት ውስጥ እንነሳ ብላ ነበር። ፈረንጁ ግን ብርሃን የለም አለ። ስለዚህ ያለንን ሁሉ ደጅ አወጣን፤ ሁለት ጥቅል ቆጮ፣ ጎደሬ፣ ጎመን፣ ከገበያ የተገዛ ጥቂት በቆሎ፣ አንድ ሳህን የበርበሬ ዳጣ። የእኛ በቆሎ ገና ማሳ ላይ ነው። እስከሚቀጥለው ገበያ ለእኛም ለትንንሽ እህቶቼም ከዚህ ሌላ አልነበረንም።

ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ገባች። ፈረንጁ እጁን አንስቶ ጠብቁ አለን።

በዚህ መሃል ጎረቤት በአጥሩ በር መግባት ጀመረ። «ምን ደስታ አግኝታችሁ ነው ሳትጠሩን?» አለ ፍቅሬ። ለቀልድ ነው፤ ዓይኑ ግን ቆጮው ላይ ነበር።

እኛ ዘንድ ሰው ፊት የወጣ ምግብ ሳይቀመስ ወደ ቤት አይመለስም። መለስከው ማለት ያየውን ሰው ሰደብከው ማለት ነው። ከተበላ ደግሞ ለማታ እንኳ አይተርፍም። አባቴ ባዳቾ አንገቱን ደፋ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዝ ጀመር።

በመጨረሻ ጋሽ ጦና በትራቸውን ይዘው ገቡ። በመንደሩ በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም፤ እርሳቸው ሳይቀምሱም ማንም እጁን አይዘረጋም።

«ጋሽ ጦና፣ ባርከው ይቅመሱልን» አለ አባቴ።

ጋሽ ጦና ምግቡን አዩ፤ ቀጥሎ እህቶቼን አዩ። «እባርካለሁ። ግን አልቀምስም፤ ጾም ጸሎት ይዣለሁ» አሉ።

ጠዋት ማሳቸው ዳር ስኳር ድንች ሲበሉ አይቻቸው ነበር።

«ዛሬ? ማን አወጀው?» አለ ፍቅሬ።

«አንተን አስፈቅጄ ነው እንዴ የምጸልየው?»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ጦና ባረኩ። አሜን ብለን ቀና ስንል ፀሐይዋ ወጥታ ነበር፤ ፈረንጁም አነሳን። ለምግብ ስንት እንደምናወጣ ሲጠይቅ አባቴ የበቆሎውንና የጨውን ዋጋ ብቻ ነገረው። ሌላው ከጓሮ ነው። ጋሽ ጦና ስላልቀመሱ ማንም እጁን ሳይዘረጋ ጎረቤቱ ተበተነ፤ ምግቡም ቤት ገባ።

አመሻሹ ላይ እናቴ ቆጮ ቆርጣ ጠቀለለችልኝ። «ለጋሽ ጦና አድርስ፤ ሰው እንዳያይህ።»

ጋቢዬ ውስጥ ደብቄ ሄድኩ። ፍቅሬ ደጃፋቸው ላይ አብሯቸው ተቀምጧል። ጋሽ ጦና ጋቢዬን አይተው ፈጥነው ወደ ሌላ ዞሩ።

«ጾሙ እስከ መቼ ነው?» አላቸው ፍቅሬ።

«እስከ ነገ ማታ» አሉ ጮክ ብለው፤ እኔም እንድሰማ።

ደህና አምሹ ብዬ ተመለስኩ። ጾሙ እስከ ነገ ማታ መሆኑን ስነግራት እናቴ ጥቅሉን ከእጄ ተቀብላ ለብቻው አስቀመጠችው።